ሽማግሌዎቹን የመለሰች ወፍ

ዘንድሮ፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን ሳስተካክል አንድ ከዘራ የያዘ ሰው ከግንቡ ሥር ተነስቶ ፊቴ ቆመ። የሚለምን መስሎኝ ቦርሳዬን ልከፍት ስል፣ «ሙሉነሽ አይደለሽም? የልብስ ሰፊው ልጅ፣ የእሪ በከንቱዋ?» አለኝ። በዚህ አጠራር የሚጠራኝ ሰው ካለቀ ቆይቷል። አሁን በምኖርበት ኮንዶሚኒየም «የሦስተኛ ፎቋ እማማ» ነው የምባለው። ፊቱን ባየው ባየው ምንም አላገኘሁበትም፤ በኋላ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ናት «በላይነህ!» ያሰኘችኝ። የይርጋ ጓደኛ በላይነህ፣ ያ ቀጭኑ መምህር። ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ፣ ስንት ልጆች እንዳሉኝ ሳይጠይቀኝ፣ «ያን እሑድ ሽማግሌዎቹ ቤታችሁ ሳይደርሱ የቀሩት በእኔ ጥፋት ነው። ይቅር በይኝ» አለ። «የትኛው እሑድ?» ያልኩት ይመስለኛል። ውሸቴን ነው። በእኔ ዕድሜ ያ እሑድ አንድ ብቻ ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በደርግ ጊዜ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ ሰዓት እላፊው ትንሽ ላላ ያለበት ወቅት ነበር። ይርጋ የሚባል መምህር ሊያገባኝ ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹም መንገድ ላይ ቀሩ። ለምን እንደቀሩ የነገረኝ ሰው የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ሰው ሁሉ ያውቅ ይሆናል፤ እኔ ግን ሌላ ሰው አግብቼ፣ ሦስት ወልጄ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ሰፈራችን ፈርሶ ከአራዳ እስክወጣ ድረስ አላወቅሁም። መጀመሪያ ያን ዕለት ታስሮ የዋለ መሰለኝ። ቀጥሎ ሌላ ሴት ያለችው መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ዘመዶቹ ዘር ሲቆጥሩ የልብስ ሰፊ ልጅ አንሳባቸው መሰለኝ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ዓመት ያህል አምኜበታለሁ፤ ሲሰለቸኝ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።

ይርጋን ያወቅሁት አባዬ ሱቅ ውስጥ ነው። አባዬ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ታች ሲወረድ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይቆምባት ሱቅ፣ ሱሪ ይሰፋ ነበር። የሱሪ እግር ከሰፊው ወደ ጠባቡ የዞረበት ጊዜ ስለነበር የአራዳ ጎረምሳ ሁሉ ቤልቦተሙን ጠቅልሎ «ጋሼ፣ አጥብብልኝ» እያለ ይመጣል። እኔ እዚያው አካባቢ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። በምሳ ሰዓት የአባዬን ምሳ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ገንዘብ ካለኝ ኬክ ቤት ገብቼ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ማኪያቶ እጠጣለሁ። ስሙኒ ነበር። ይህን ስነግራቸው ልጆቼ ይስቃሉ፤ ስሙኒውን ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደነበር ግን አይጠይቁም። ከኬክ ቤቱ አጠገብ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ደጅ ላይ በሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱን ዘፈን በቀን አሥር ጊዜ ያስደምጠናል። ካኪ ኮት የለበሰ ሰው ሲያልፍ እኛ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ ዘፈኑም አብሮን ዝቅ ይላል፤ ሰውየው ዞር ሲል ሁላችንም ከፍ እንላለን። አሁን እዚያ ቦታ ሄጄ ብቆም ሱቁ የቱ ጋ እንደነበር ማሳየት አልችልም። ባለፈው ልጄን ይዤ ሄጄ «እዚህ ጋ» አልኳት፤ ትንሽ ተራመድንና «አይ፣ እዚህ ጋ» አልኳት፤ በመጨረሻ ተያይዘን ወደ ታክሲው ሄድን።

ይርጋ ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ ተራ ሲጠብቅ እኔን አላየኝም። ይኼ ነው የገረመኝ። ያኔ፣ ኩራት አይሁንብኝና፣ ሳያዩኝ የሚያልፉ ጎረምሶች ብዙ አልነበሩም። እሱ በበሩ አንጋጦ የስልኩን ሽቦ ያያል። ምን እንደሚያይ ለማየት አብሬው አንጋጠጥኩ። «ያችን ታያታለሽ? ጅራቷ እንደ አባትሽ መቀስ የተከፈለችውን» አለኝ። አየኋት። «ከፈረንጅ አገር ነው የመጣችው። ሳምንትም አልሞላት፤ እዚያ ብርድ ሲገባ ወደኛ ትመጣለች።» እኔም ምላሴ ነውና፣ «ታዲያ የይለፍ ወረቀት ማን ሰጣት?» አልኩት። አባዬ ክሩን በጥርሱ እንደያዘ በዓይኑ ተቆጣኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሱቅ ውስጥ አይወራም። ይርጋ ግን ሳቀና ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ።

ቤታችን እሪ በከንቱ፣ ከድልድዩ ወደ ላይ በምትወጣው ጠባብ መንገድ ዳር ነበር። ከኋላው ወደ ወንዙ የሚያዘቀዝቅ ጓሮ ነበረን፤ አንድ ኮክ፣ ጌሾ፣ ጥቂት ግራዋ፣ የቀረው ክረምት ሲወጣ ወገብ የሚደርስ ሣር። መንገዱንና ጓሮውን የሚለየው የጽድ አጥር ብቻ ነው። ይርጋ አምስት ኪሎ ነበር የሚከራየው። ጠዋት ወደ ማስተማሩ ሲሄድ ያለ መንገዱ ዞሮ በእኛ በኩል ያልፋል፤ እሱ ከአጥሩ ውጭ፣ እኔ ከአጥሩ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ ሁለታችንም ኮኩን እናያለን። እንግዲህ የኛ ፍቅር ይኼ ነው። የዛሬ ልጆች ቢሰሙ «ወፍ የለም» ይላሉ፤ እውነትም ሌላ ነገር አልነበረም፣ ወፍ ግን ሞልቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጋጋኖዎች እየተነጫነጩ ከወንዙ ተነስተው ከላያችን ያልፋሉ። ግንደ ቆርቁር የጎረቤትን ወይራ ይቀጠቅጣል። አንዲት ደግሞ ነበረች፣ ጡቷ የበሰለ ብርቱካን የመሰለ፣ ከዓይኗ በላይ እንደ ኖራ የነጣ መስመር ያላት። ትክክለኛ ስሟን እሱ በእንግሊዝኛ ነግሮኝ ነበር፣ ጠፍቶኛል። በመሃከላችን «ወይዘሮ ቅንድቦ» ነበር የምንላት። ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ሰው የሚያፏጭ በሚመስል ድምፅ ትጮሃለች። የሌላ ወፍ ጩኸትም ትቀዳለች፣ የሰው ፉጨትም ትመልሳለች። ይርጋ እንዳለው የፒያሳን ዘፈን ብናስተምራት ሙዚቃ ቤት ትከፍት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ለእማዬ የቢሮ ጓደኛዬ ዘንድ ነኝ ብዬ ሁለታችን በአውቶቡስ ሽሮ ሜዳ እንወጣና ከዚያ በእግር ወደ እንጦጦ ጥግ እንሄዳለን። መስከረም ነው፤ ዳገቱ ሁሉ ቢጫ ነው፣ መሬቱ ግን ገና አልደረቀምና ጫማዬ ጭቃ እየያዘ እየከበደኝ እሄዳለሁ። የሩቅ መነጽር ነበረው፤ አንድ ጣሊያን አገሩ ሲገባ የሸጠለት ነው። ከሳጥን አያወጣውም። በዚያን ጊዜ መነጽር አንገት ላይ አንጠልጥሎ ኮረብታ ላይ መቆም ምን እንደሚያስከትል ማንም ይገባዋል። በባዶ ዓይናችን ነው የምናየው፤ እሱ ያያል፣ እኔ «አየሁ» እላለሁ። ከግማሽ በላዩን አላየሁም። አንድ ቀን ሣር ላይ የተቀመጠች ጥቁርና ቢጫ ወፍ አሳይቶኝ «የመስቀል ወፍ» አለኝ። እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቻ ብቅ ትላለህ እየተባባልን ያደግን ነንና፣ «ለመሆኑ ዓመቱን ሙሉ የት ትከርማለች?» ብዬ ጠየቅሁት። «የትም። እዚሁ ናት። ወንዱ ነው በዚህ ወር ልብስ የሚቀይረው፤ ሌላ ጊዜ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ስለሆነ አታውቂውም እንጂ በየቀኑ ታዪዋለሽ» አለ። አላመንኩትም። ዛሬም እንዳላምን የሚፈልግ አንድ ነገር ውስጤ አለ፤ የማትመጣ ከሆነች ያን ሁሉ ዓመት ማንን ነበር የምንጠብቀው?

ፉጨቱን ያስተማረኝም እሱ ነው። መንገድ ላይ ቆሞ እንደ ወይዘሮ ቅንድቦ ሲያፏጭ እማዬ «ይቺ ወፍ ዛሬ ደግሞ ምን አየች» ትላለች፤ እኔ ቅጠል ልቆርጥ፣ ልብስ ላሰጣ፣ ሰበብ አላጣም፣ ጓሮ እወርዳለሁ። ሴት ልጅ ግን ታፏጫለች? በእኛ ቤት ሴት ልጅ ካፏጨች ባለጌ ናት፣ በዚያ ላይ ሰይጣን ትጠራለች። አፌን በነጠላ ሸፍኜ ነው የተለማመድኩት። የመጀመሪያውን ሦስት ድምፅ ያዝኩ፤ የመጨረሻው፣ ወደ ላይ ወጥቶ የሚሰበረው፣ እምቢ አለኝ። «በዚህ ፉጨትሽ የምትታለል ወፍ የለችም» ይለኝ ነበር። እኔም ተናድጄ ሳምንት አኮርፈዋለሁ።

ዓመት ሞላንና እሑዱ ደረሰ። ይርጋ አባት ስላልነበረው አጎቱ አባባ ወልደየስ ለእንቁጣጣሽ ከመንዝ መጡ። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ተጨመሩ፤ በላይነህ ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ ሳይሆን አባባ የአራዳን ጉራንጉር ስለማያውቁ መንገድ እንዲመራ ተላከ። አባዬ በጎረቤት በኩል አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። ችግሩ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ መቅረት አይቻልም። አባዬ ማመልከቻ ጻፈ። «ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ስለሚመጡ» ብሎ። ጓድ ሊቀመንበሩ ፈቀዱለት፤ ፈቀዱለትና ስብሰባው ሲከፈት የቀሩትን ሰዎች ስም ከነምክንያታቸው አነበቡ። በዚህ ዓይነት የእኔን ጋብቻ ቀበሌው በሙሉ በእጅ ማውጣት ሊያጸድቀው ምንም አልቀረውም።

በማለዳ ጓሮ ወርጄ ቤቱ የሚጎዘጎዝበት ሣር አጨድኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። አባዬ ለሌላ ሰው ሰፍቶ ባለቤቱ ያልወሰደውን ግራጫ ኮት ለበሰ፤ እጅጌው ትንሽ ይረዝመው ነበር፤ ልብስ ሰፊ ሆኖ ለራሱ ያሳጠረው ነገር አልነበረም። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። ከቀበሌው አዳራሽ የድምፅ ማጉያው መፈክር ይሰማል፤ እማዬ በሩ ጋ ደርሳ ትመለሳለች። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስብሰባው አለቀና ሕዝቡ በደጃችን ያልፍ ጀመር። ሰው ሁሉ ሽማግሌዎቹ መጥተው የሄዱ መስሎታል፤ አንገቱን እያሰገገ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» ይላል። አባዬ ደጁ ላይ ቆሞ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ይል ነበር። ስንት ጊዜ እንዳለው አላውቅም። እኔ ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ስል ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ኮቱን አውልቆ ሰቀለና፣ እሑድ ቀን፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቤት ያለችውን የስፌት መኪና ከፍቶ ይሰፋ ጀመር። ምን እንደሚሰፋ አላየሁም። ጨርቅ ማድረጉንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰኞ በላይነህ ሱቅ መጥቶ ሌላ ቀን ይሰጠን ብሎ ለመነ። አባዬ ቀና ሳይል «ቀጠሮ የማራዝመው ለሱሪ ነው» አለው። ማታ እኔን አስጠርቶ «ያን ልጅ ካነጋገርሽ አባት የለሽም» አለኝ። አባዬ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ማክሰኞ ይርጋ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ብርድ ይሁን ለቅሶ አላውቅም። ሳልፈው ተከተለኝና «ሙሉ፣ አንዴ ስሚኝ፣ ወፍ ናት እኮ...» አለ። እስከዚያች ቃል ድረስ ልቆምለት ነበር፣ እግሬም ቀስ ብሎ ነበር። እኔ በሰው ፊት ተዋርጄ፣ አባቴ ደጁ ላይ ቆሞ ውሎ፣ እሱ አሁንም ስለ ወፍ ሊያወራኝ! ዞሬ «ከወፍህ ጋር ኑር» ብዬው ሄድኩ። በጥቅምት ከፋ ተመደበ ሲባል ሰማሁ። ሁለት ዓመት ቆይቼ ጌታሁንን አገባሁ፤ የመንግሥት መኪና ጥገና መካኒክ ነው፤ የእሱ ሽማግሌዎች ሩብ ሰዓት ቀድመው ደረሱ።

እንግዲህ በላይነህ የጊዮርጊስ ግንብ ሥር አስቀምጦ የነገረኝ ይኼን ነው። ያን ቀን ከአምስት ኪሎ ወርደው በድልድዩ በኩል ወደ ላይ ሊመጡ ነበር ያሰቡት። አባባ ወልደየስ ግን ጊዮርጊስን ሳልሳለም እንዲህ ያለ ጉዳይ አልጀምርም አሉ። ስለዚህ ወደ ፒያሳ ወጥተው፣ ተሳልመው፣ ከላይ ወደ ታች ወደኛ ወረዱ፤ በማለዳ ስለተነሱ ገና ሁለት ሰዓትም አልሆነም ነበር። አጥራችን ጋ ሲደርሱ ከጓሮው ወፍ ጮኸች። አባባ ቆሙ። በእሳቸው አገር ሰው ለጉዳይ ሲወጣ ወፍ በቀኙ ከጮኸች ገድ ነው፤ በግራው ከጮኸች መንገዱ ይታጠፋል። ወዲያው ደግሞ ጮኸች። «በግራ ሁለት ጊዜ» አሉ አባባ። «ይህ ቤት የኛ አይደለም። ለልጅቱ ስም ስትሉ ለማንም እንዳትናገሩ፤ ገደ ቢስ ትባላለች።» ብለው ከዘራቸውን አዙረው ተመለሱ። ሌላውም ሽማግሌ ተከተሏቸው።

«እኔ ግን ረጅም ነኝ» አለ በላይነህ። «በአጥሩ ላይ አየሁሽ። ማጭድ ይዘሻል፣ ነጠላሽ ወርዷል፣ ከንፈርሽን አሹለሽ ታፏጫለሽ።»

«እና ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምን ልበል? ‹አባባ፣ ወፍ አይደለችም፣ ሙሽራዋ ናት የምታፏጨው› ልበል? አባባን አታውቂያቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ስምሽን ሲያነሱ ይኖሩ ነበር። ወፍ ብትሆኚ ይሻላል ብዬ ነው።»

«ለይርጋስ?»

«ወፍ በግራ ጮኸች መባሉን አጎቱ ነግረውት አብዶ ነበር፤ የሳይንስ አስተማሪ! አንቺ መሆንሽን ብነግረው ቀጥ ብሎ ሄዶ ይነግራቸዋል። ነገር አይደብቅም፣ ታውቂው የለ። ሳምንት ይለፍ አልኩ። ሳምንቱ ሲያልፍ አንቺ አላናግርህ አልሽው። ከዚያ እሱ ሄደ። ከዚያ አንቺ አገባሽ። ካገባሽ ወዲያማ ምን ብዬ ልናገር?»

ይርጋ ከፋ አግብቶ፣ ወልዶ፣ በስተርጅና አዲስ አበባ ተመልሶ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። አምና ታሞ ሲተኛ በላይነህ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ሁሉን ነገረው። «ሳቀ» አለኝ። «እስኪያስለው ሳቀ። ‹አጎቴን ወፍ መሰለቻቸው?› አለኝ። አዎ አልኩት። ‹ስንት ጊዜ ነው ያፏጨችው?› አለኝ። ሁለቴ ሰምተናል አልኩት። ‹እንግዲያው አንዱ የወፏ ነው፤ ሙሉ የመጨረሻዋን አትችላትም ነበር› አለ። ከዚያ ‹እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ለእሷ ንገራትና እሷም ትበልህ› አለኝ። በሳምንቱ ቀበርነው።»

እኔ እዚያው ግንብ ላይ ተቀምጬ ምን እንደተሰማኝ ለመናገር ብዙ ሞከርኩ። አዘንኩ ልበል? አዝኛለሁ። ተናደድኩ? በማን? በቀዬው ልማድ በተመለሱት ሽማግሌ? ስሜን ሊሸፍን ዝም ባለው በላይነህ? ለአንዲት ቃል ዞሬ በሄድኩት በራሴ? እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ያን ጠዋት ማፏጨቴን አላስታውስም። ሣር ማጨዴን አስታውሳለሁ። ጠሉ እጄን ማቀዝቀዙን አስታውሳለሁ። ወይዘሮ ቅንድቦ መጮኋንም አስታውሳለሁ፣ ደስ ብሎኝ እንደነበርም። ከዚያ በላይ ፈልጌ አጣሁ። «ይቅር በይኝ እንጂ» አለኝ በላይነህ። «ቆይ» አልኩት። «ላስብበት።» ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሁለት እጆቼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አሰላሁ፤ ከላይ ሲወረድ አጥራችን በግራ ነው፤ ከድልድዩ ሲወጣ በቀኝ ነው። እንዳሰቡት ከታች ቢመጡ ኖሮ ያው ፉጨት ገድ ነበር፤ ያው ፉጨት ያስገባቸው ነበር። ጊዮርጊስን ስለተሳለሙ ነው? ጊዮርጊስን እንዴት እወቅሳለሁ፣ ገና አሁን ከደጁ መውጣቴ ነው። እጆቼን ደግሜ ሳገላብጥ አጠገቤ ያለችው ሴት «እናቴ፣ መውረጃዎ ጠፋብዎት እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ጌታሁን በረንዳ ላይ ሬዲዮ ፈታትቶ ተቀምጧል። ገና ስገባ ፊቴን አይቶ «ማን ሞተ?» አለኝ። ነገርኩት። ስለ ይርጋ ድሮም ያውቃል፣ ደብቄው አላውቅም። ስለ ወፏ ግን ማንም አያውቅም ነበርና ሁሉንም ነገርኩት፣ ፉጨቱን፣ በአጥሩ ላይ መታየቴን፣ የይርጋን ሳቅ። ብሎኗን በመዳፉ ይዞ ሰማኝ። «እና ይቅር አልሽው?» አለኝ። «አላልኩም።» «ለምን?» ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። «ይቅር ካልኩት በድለኸኛል ማለቴ ነው። በድለኸኛል ካልኩ የእኔና ያንተ ቤት፣ ልጆቹ፣ ይኼ ሁሉ ዓመት የበደል ትርፍ ሊሆን ነው። የለም፣ ምንም አላጠፋህም ካልኩት ደግሞ ይርጋን ምንም እንዳልነበረ አድርጌ ልቀብረው ነው። የቱን ልበል?»

«ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» አለ ጌታሁን። ይኼ ለሁሉ ነገር የሚላት ናት፣ መኪና ለተገጨበትም ለታመመም። እኔም ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው ብዬ ልገባ ስነሳ፣ «ሙሉዬ» አለኝ። «እናንተ ሦስታችሁ ይቅርታ ስትጠያየቁ እኔስ? እኔ ላለፉት አርባ ዓመታት ማንን ማመስገን እንዳለብኝ ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ለመስቀል ጥሪው፣ ምሳ ይብላ።» ብሎ ሬዲዮው ላይ አጎነበሰ። ቀና ብሎ እንዲያየኝ ጠበቅሁ፣ አላየኝም፤ ብሎኗ የምትገባበትን እየፈለገ ነበር። የቀልዱን ይሁን የምሩን አልገባኝም፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

የመስቀል ዕለት በላይነህ መጣ። ሦስት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ፣ ካፖርት ለብሶ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ በሩ ላይ ቆመ። ልጆቼ ከነልጆቻቸው ተቀምጠዋል፣ ምግቡ ቀርቧል። ጌታሁን ራሱ ተነስቶ «ግባ እንጂ፣ ተቀመጥ!» ብሎ ወንበር ሳበለት። በላይነህ ገባ፣ አልተቀመጠም። ባርኔጣውን አውልቆ ከዘራውን በሁለት እጁ ተደግፎ ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ ቀረ። «ሽማግሌ ሳይመለስለት አይቀመጥም» አለ። «ያን ጊዜ እዚህ መቆም ነበረብኝ። አሁን ልቁም።»

 ትልቋ ልጄ እኔን ታያለች፣ ምንም አልገባትም። ጌታሁን የወንበሩን መደገፊያ እንደያዘ ግድግዳውን ያያል። እኔ አፌን ከፍቼ ያሰብኩትን ሁሉ ፈለግሁ፤ ሌሊት ሌሊት ያሰናዳሁት ቃል ነበረኝ፣ ለይርጋም ለጌታሁንም የማያስከፋ፤ አንዱም አልመጣም። የመጣልኝ ግራጫ ኮት የለበሰው አባቴ ብቻ ነው። የበላይነህ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ከዘራውም አብሮ።

«ተቀመጥ» አልኩት።

ይቅር ብዬው ይሁን ጉልበቱ አሳዝኖኝ፣ ዛሬም ድረስ አላውቅም። እሱ ግን ተቀመጠ።